የሰይፍ እጀታ አመራረጥ፦ ከማይታየው ጭራ እስከ ጉልላቱ

ሰይፍ ሊገዛ የተነሳ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ስለቱ ላይ ነው። ርዝመቱን ይጠይቃል፣ የብረቱን ዓይነት ያጣራል፣ አፉን ይመረምራል፤ እጀታውን ግን «ያምራል» ወይም «አያምርም» ብሎ ያልፈዋል። እጅ የሚያውቀው ግን እጀታውን ብቻ ነው። ግሩም ስለት መጥፎ እጀታ ላይ ሲቀመጥ የአንጥረኛው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ከዚያም አልፎ ለያዡና አጠገቡ ለቆመው ሰው አደጋ ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ከእጅ ጋር የሚገናኘውን ክፍል ብቻ ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፦ እጀታ የሚመረጠው ከማይታየው ተጀምሮ ወደሚታየው ነው። አብዛኛው ገዢ የሚሄደው በተቃራኒው ነው።

የክፍሎቹ ስም

እጀታ ስንል ከስለቱ ሥር እስከ መጨረሻው ጫፍ ያለውን ሁሉ ማለታችን ነው። ስለቱ ወደ ኋላ ጠብቦ እጀታው ውስጥ የሚደበቀው ብረት ጭራ ነው፤ ሻጮች ታንግ ይሉታል። በስለቱና በእጁ መካከል የሚቆመው መከታ ነው። እጅ የሚያርፍበት መጨበጫ ይባላል። ከመጨበጫው በስተኋላ የእጀታውን ጫፍ የሚዘጋው ክብደት ያለው ብረት ጉልላት ነው፤ በሽያጭ መግለጫዎች ላይ ፖመል ተብሎ ታገኙታላችሁ።

መከታው በራሱ ብዙ ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ። ግራና ቀኝ የሚዘረጉት ሁለት አግዳሚዎች ክንፎቹ ናቸው። ከክንፎቹ ጎን ወጥቶ የእጁን ጀርባ የሚከልለው የጎን ቀለበት ነው፤ ከክንፎቹ አልፎ ወደ ስለቱ በኩል የሚወጣውና አመልካች ጣትን የሚያቅፈው ደግሞ የጣት ቀለበት ነው። ከመከታው ተነስቶ በጣቶቹ ፊት አልፎ ወደ ጉልላቱ የሚታጠፈውን የጣት ቅስት እንበለው። በአንዳንድ ሰይፎች ላይ ከመከታው መሃል ወደ ስለቱ የሚሄዱ ሁለት ትናንሽ የብረት ምላሶች አሉ፤ ሰይፉ ሲከተት የሰገባውን አፍ ከሁለት ወገን ነክሰው ይይዙታል። መጨበጫው ከፊትና ከኋላ ቀጭን የብረት ቀለበት ካለው ደግሞ ሥራው እንጨቱ ከጫፉ እንዳይሰነጠቅ ማሰር ነው።

ጭራው እንዴት ታሰረ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። መጨበጫ ቢበላሽ ይቀየራል፣ መከታ ቢጣመም ይቃናል፤ ጭራ ከተሰበረ ግን ስለቱ ከእጅ ወጥቶ ይበራል።

የመጀመሪያው አስተሳሰር የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ አንጥረኞች የሚያውቁት ነው። ጭራው በመጨበጫው ውስጥ አልፎ ጉልላቱን በስቶ ይወጣል፤ ጫፉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንደ ምስማር ራስ ይዘረጋል። በትክክል ከተሠራ መከታው፣ መጨበጫውና ጉልላቱ እርስ በርስ ተጨናንቀው እንደ አንድ አካል ይሆናሉ። ድክመቱ ጊዜ ሲያልፍ ይታያል። እንጨቱ ደርቆ ሲኮማተር ክፍተት ይፈጠራል፣ እጀታው መንኳኳት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ በቤት ውስጥ የሚደረግ ነገር ስለሌለ ጫፉን እንደገና የሚቀጠቅጥ ባለሙያ መፈለግ ግድ ነው።

ሁለተኛው የጭራው ጫፍ ፊሌቶ ወጥቶለት በዳዶ የሚጠብቅበት ነው። በሰብሳቢዎች ዘንድ ይህ አስተሳሰር ስሙ አይወደድም፤ እኔ ግን ለልምምድ በሚውል ደንዝ ሰይፍ ላይ አስቀድመዋለሁ። ሲላላ ታጠብቁታላችሁ፣ ቆዳው ሲያልቅ ፈትታችሁ መጨበጫውን ትቀይራላችሁ፣ ስለቱ ሲሰበርም የቀረው እጀታ አይጣልም። መጠንቀቅ ያለባችሁ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፊሌቶው የወጣው ራሱ ጭራው ላይ ነው ወይስ በኋላ በተበየደ ዘንግ ላይ? ሁለተኛ፣ ጉልላቱ ራሱ እንደ ዳዶ የሚዞር ከሆነ በእጅ ግፊትና በምት ንዝረት ቀስ በቀስ ይፈታል፤ ጠፍጣፋ ጉልላት ከሆነም ጠብቆ የሚቆመው ከስለቱ ጋር ሳይስተካከል ሊሆን ይችላል። ጉልላቱ ቦታውን ይዞ ዳዶው ለብቻው ከኋላ የሚገባበት አሠራር ከዚህ በብዙ ይሻላል።

ሦስተኛው ጭራው የመጨበጫውን ያህል ሰፍቶ፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት የእንጨት ወይም የቀንድ ሰሌዳ ተደርቦበት በምስማሮች የሚታሰርበት ነው። ሜሰር የሚባለው የጀርመን ባለ አንድ አፍ ሰይፍ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ በእ.ኤ.አ. 1853 የወጣው የእንግሊዝ ፈረሰኛ ሰይፍም ሰፊ ጭራ ላይ የቆዳ ሰሌዳ የተመታበት ነው። ትልቁ ጥቅሙ ምንም የሚደብቀው ነገር አለመኖሩ ነው፤ የብረቱን ውፍረት ከመጨበጫው ጠርዝ ላይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በአንጻሩ እጀታው ከበድ ይላል፣ ምቱ ወደ መዳፍ በቀጥታ ይመጣል፣ የእጅ ላብ የሚነካው የብረት ጠርዝም ካልተወለወለ ይዝጋል።

አራተኛው የሚወገደው ነው። ስለቱ መከታው ሥር ሲደርስ ይቆረጥና በቦታው ቀጭን ክብ ዘንግ ይበየድበታል። ከውጭ ሲታይ ከዳዶኛው አይለይም። ብየዳው የብረቱን ጠባይ ይለውጣል፤ ሰፊው ብረት በድንገት ወደ ቀጭን ዘንግ የሚያልፍበት ነጥብም ኃይሉ ሁሉ የሚከማችበት ስለሆነ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ጌጥ ይበቃል፤ እጅ ይዞ ለሚወዛወዝ ነገር ግን በምንም ዋጋ አይመረጥም። በጥሩ ሰይፍ ላይ እንኳን ስለቱ ወደ ጭራው የሚሸጋገርባቸው ሁለቱ ትከሻዎች ክብ ሆነው መሞረድ አለባቸው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ሹል ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ታልዋር የሚባለው የህንድ ጎራዴ ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እጀታው ሙሉ በሙሉ ብረት ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው፤ አጭሩ ጭራ በሙጫ መሰል ነገር ተጣብቆ ይቆማል። አሮጌ ታልዋር የምትገዙ ከሆነ ሙጫው ደርቆ እንዳልተፈረፈረ አረጋግጡ።

ሰይፉ እጃችሁ ላይ ካለ እንዲህ መርምሩት። ስለቱ ወደ ላይ ቆሞ መጨበጫውን በአንድ እጅ ያዙና ጉልላቱን በሌላው መዳፍ መታ አድርጉት። ስለቱ ይርገበገባል፤ ከመከታው በኩል ግን ድምፅ መሰማት የለበትም። ቀጭን ኪሽኪሽታ ከተሰማ ወይ መከታው ላልቷል፣ ወይ መጨበጫው ውስጥ ጭራው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ገልብጡትና የጉልላቱን ጫፍ በብርሃን ተመልከቱት። የተቀጠቀጠ ጭራ ከሆነ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ፣ ወይም ተሞርዶ ከጉልላቱ ጋር የተስተካከለ ግን ዳር ድንበሩ የሚለይ ሌላ ብረት ይታያል። ዳዶ ከሆነ ዳዶው ራሱ ይታያል። ምንም ምልክት የሌለው ለስላሳ ጫፍ ካያችሁ ሻጩ በግልጽ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁ።

መከታ፦ ሽፋን ወይስ ነጻነት?

የመከታ ምርጫ ሁልጊዜ በሁለት ነገሮች መካከል ነው። ብረቱ እጁን በሸፈነ ቁጥር እጁ የሚንቀሳቀስበት ስፍራ ይጠባል፤ እጁ ነጻ በሆነ ቁጥር ደግሞ ለተቃራኒው ስለት ይጋለጣል። ሁለቱንም በሙሉ የሚሰጥ መከታ አልተሠራም።

ቀላሉ መስቀለኛው ነው፦ ሁለት ክንፎች ብቻ። ከረጅም መጨበጫ ጋር ለሁለት እጅ ሰይፍ ይህን የሚያክል የለም። አውራ ጣት ወጥቶ በስለቱ ጠፍጣፋ ጎን ላይ እንዲያርፍ ይፈቅዳል፣ የእጅ አንጓ እንደፈለገ ይዞራል፣ ሰይፉ ከፊትም ከኋላም አንድ ስለሆነ ገልብጦ መያዝ ይቻላል። ግራኝም ቀኝም ያለ ችግር ይይዘዋል። ዋጋው ጣቶቹ ከፊትና ከጎን መጋለጣቸው ነው፤ ስለዚህ በመስቀለኛ መከታ የሚለማመድ ሰው ወፍራም መከላከያ ጓንት ሳያደርግ መጀመር የለበትም። የጎን ቀለበት የተጨመረበት ቢገኝ ነጻነቱ ብዙም ሳይነካ የእጁ ጀርባ ይሸፈናል፤ ለሁለት እጅ ልምምድ የእኔ ምርጫ ይኸው ነው። የሜሰር ሰይፍ ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ከመከታው በአንድ ጎን የሚወጣ አጭር የብረት ጉጥ ነው።

ወደ አንድ እጅ ሰይፍ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን አመልካች ጣታቸውን በክንፉ ላይ አሳልፈው መያዝ እያዘወተሩ ሄዱ፤ አያያዙ ጫፉን ለመምራት ያመቻል፣ ጣቱ ግን ስለቱ ፊት ይቀራል። የጣት ቀለበቱ የመጣው ለዚህ ነው። ቀለበት በቀለበት ላይ ሲጨመር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ራፒየር የሚባለው ረጅምና ቀጭን የመውጊያ ሰይፍ ውስብስብ መከታ ተወለደ፤ የጣት ቅስት፣ የጎን ቀለበቶችና አግድም የሚያልፉ ዘንጎች እጁን ዙሪያውን ያጥሩታል። ዘንጎቹ የሚመጣን የስለት አፍ በደንብ ያቆማሉ። በመካከላቸው ባለው ክፍተት የሚገባን ሹል ጫፍ ግን አያቆሙም።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን በስፔንና ስፔን በምትገዛቸው የጣሊያን ግዛቶች የተስፋፋው ጽዋ መሰል መከታ ለዚህ ክፍተት መልስ ነው። ግማሽ ክብ የብረት ሳህን እጁን ከፊት ሙሉ በሙሉ ይከልላል፤ ብዙዎቹ ላይ የሳህኑ ጠርዝ ወደ ውጭ ተቀልብሶ የተንሸራተተን ጫፍ ይይዛል። ሁለቱን ካወዳደርን፣ በዋናነት በመውጋት ለሚለማመድ ሰው ጽዋው ይበልጣል፤ ቀለል ባለ ጓንትም ይሠራል። መቁረጥና መውጋትን ለሚቀላቅል፣ ጣቶቹንም እንደ ልቡ ማዘዋወር ለሚፈልግ ግን የዘንጎቹ መከታ የተሻለ ይተነፍሳል። በሁለቱም ላይ ጣቱ የሚገባበትን ቀለበት ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት። ያለ ጓንት የሚስማማ ቀለበት በጓንት ጊዜ ጣት የሚነክስ ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

ቅርጫት መሰሉ መከታ ሽፋኑ ከሁሉ ይበዛል። የስኮትላንድ ሰፊ ስለት ሰይፍና የቬኒሱ ስኪያቮና በዚህ ይታወቃሉ። እጁ የብረት ቤት ውስጥ ይገባል፤ ብዙ የስኮትላንድ ቅርጫቶች ውስጣቸው አንጓ እንዳይላጥ ቆዳ ወይም ጨርቅ የተለበጠ ነው። ለጀማሪ የአንድ እጅ ቆራጭ ሰይፍ የሚፈልግ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ይህን እለዋለሁ፤ ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚመታው ጣቱን ነውና። ይሁን እንጂ ልኩ ይቅር አይልም። ጠባብ ቅርጫት የእጅ አንጓን አስሮ ምቱን ያሳጥራል፤ በጣም የሰፋ ቅርጫት ደግሞ እጁ ውስጡ ይዋልላል። ለሁለት እጅ ሰይፍ የሚደረገው ወፍራም ጓንት ቅርጫት ውስጥ ስለማይገባ ጓንቱንና ሰይፉን አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። የግራ እጅ ተጠቃሚም ልብ ይበል፦ ብዙ ቅርጫቶች፣ የራፒየር መከታዎችና የፈረሰኛ ሰይፎች ሽፋናቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው። በቀኝ እጅ ልክ የተሠራውን በግራ መያዝ የሽፋኑን ትልቁን ክፍል ማጣት ነው።

የፈረሰኛ ጎራዴ ላይ የጣት ቅስት ብቻ ያለበትና ከጎን ዘንጎች የተጨመሩበት መከታ ይገኛል። የመጀመሪያው ምሳሌ የእ.ኤ.አ. 1796ቱ የእንግሊዝ ቀላል ፈረሰኛ ጎራዴ ነው፤ አንድ ቅስት ብቻ፣ ቀላልና ፈጣን። በ1821ዱ ላይ ቅስቱ ሦስት ዘንግ ሆኖ የእጁን ውጫዊ ጎን ይከልላል። በእግር ቆሞ ለሚደረግ ልምምድ ያለ ማመንታት ባለ ሦስት ዘንጉን ምረጡ።

መከታ የሌላቸው ሰይፎችም አሉ፤ የካውካሰሱ ሻሽካ ምንም የለውም፣ እጀታው በከፊል ሰገባው ውስጥ ይገባል። ይህ የአሠራር ጉድለት አይደለም፤ ፈጥኖ ለመምዘዝና በአንድ ምት ለመቁረጥ የተሠራ ነው። ስለት ለስለት ለሚጋጠም ልምምድ ግን አይሆንም።

መጨበጫ፦ ቅርጹ ከልባሱ ይቀድማል

ሰዎች ብዙ የሚከራከሩት ቆዳ ይሻላል ወይስ ሽቦ በሚለው ላይ ነው። ከዚያ በፊት የመጨበጫውን ቁርጥ ተመልከቱ። ሞላላ መጨበጫ ዓይን ሳያይ አፉ ወዴት እንደዞረ ለእጅ ይነግረዋል፤ ድፍን ክብ መጨበጫ እጅ ውስጥ ይዞራልና አፉ ዒላማውን አዘንብሎ ይመታዋል። ለሚቆርጥ ሰይፍ ክብ መጨበጫ አትግዙ። ለመውጊያ ሰይፍ ግን አራት ማዕዘን ቀመስ የሆነው ለጣቶች ጥሩ መደገፊያ ይሰጣል።

ርዝመቱም ከእጅ ጋር ይለካል። የቫይኪንግ ዘመን ሰይፎች መጨበጫ ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ መከታውና ጉልላቱ እጁን ከሁለት ወገን ጨብጠው ይይዙታል። ሰፊ እጅ ያለው ሰው ቅጂውን ሲገዛ ጉልላቱ መዳፉን እንዳይቆረቁረው ይሞክር። በሁለት እጅ ሰይፍ ላይ ሁለቱ እጆች ሳይነካኩ የሚቆሙበት ርዝመት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ የሚተርፈው ግን በሰውነት አጠገብ ሲያልፍ ልብስና ክንድ ይጠልፋል።

ልባሱን በተመለከተ ፍርዴ አጭር ነው። በእንጨት ላይ ክር ተጠምጥሞ ከላዩ ቆዳ የተለበጠበት መጨበጫ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ከሥር ያለው ክር በቆዳው ላይ የሚያወጣው ሸካራ መስመር ላብ ያለበትን እጅ እንኳን ይይዛል። የተጠማዘዘ ሽቦ ዕድሜው ረጅም ነው፣ በራፒየር ላይም ያምራል፤ አንድ ዙር ከላላ ግን ሁሉም ይከተላል። ቆዳ የለበሰው ላይ ስፌቱ የት እንዳለ በጣታችሁ ፈልጉት። በጣቶች መታጠፊያ በኩል ጎልቶ የተሰፋ ከሆነ ከጥቂት ልምምድ በኋላ መዳፉን ያቆስላል።

ጉልላት

ጉልላት ሦስት ሥራ አለው፦ እጀታውን ይዘጋል፣ እጁ እንዳያመልጥ ያግዳል፣ ክብደቱን ወደ እጅ ይስባል። ስለ ሦስተኛው ብዙ የተጋነነ ነገር ስለሚነገር በቁጥር እንየው። 1.3 ኪሎ የሚመዝን፣ ሚዛኑ ከመከታው 12 ሳንቲሜትር ወደ ፊት የሚያርፍ ሰይፍ አለ እንበል። ከመከታው 20 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ባለው ጉልላት ላይ 100 ግራም ብንጨምር የሚዛኑ ነጥብ ወደ 9.7 ሳንቲሜትር ይመጣል። ሰይፉ ሲያዝ የቀለለ ይመስላል፤ እውነቱ ግን አሁን 1.4 ኪሎ ሆኗል፣ ስለቱም ከቅድሙ አንዲት ግራም አልቀነሰም። ስለዚህ ወፍራም ስለት ላይ ከባድ ጉልላት የተሰካበትን ሰይፍ «ሚዛኑ ጥሩ ነው» ሲሏችሁ ጠቅላላ ክብደቱንም ጠይቁ። የቅርጽ ምርጫው በሁለት እጅ ሰይፍ ላይ ብቻ ከባድ ጉዳይ ነው፤ የኋላው እጅ ጉልላቱን ጨብጦ ሊይዝ ስለሚችል፣ ጠርዙ ሹል ከሆነው ጎማ መሰል ጉልላት ይልቅ ከፊት ቀጥኖ ወደ ኋላ የሚወፍረው ይመቻል።

የጃፓን እጀታ

የጃፓን ሰይፍ በሌላ ሥርዓት ነው የሚሠራው፤ ስሞቹም በጃፓንኛ እንዳሉ ይነገራሉ። ጭራው ናካጎ፣ እጀታው ጹካ፣ ክቡ መከታ ጹባ ነው። በመከታው ሥር ስለቱን አቅፎ ሰገባው ውስጥ የሚያጠብቀው ብረት ሃባኪ ይባላል። ሴፓ ከጹባው ግራና ቀኝ የሚገቡት ሮንዴላዎች ናቸው። ፉቺ ከፊት፣ ካሺራ ከኋላ የእጀታውን ጫፎች ያስራሉ። ሁሉንም የሚይዘው መኩጊ የተባለ ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ነው፤ እጀታውንና ጭራውን በአንድ ቀዳዳ አልፎ ያስተሳስራል። ችንካሩ ሲወጣ ሰይፉ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ይህ ከየትኛውም የአውሮፓ እጀታ ይልቅ ለገዢ ግልጽ ነው፤ ጭራውን አውጥቶ ማየት ይቻላልና፣ ሻጩ የሚፈቅድ ከሆነ እዩት።

ለልምምድ ሲገዛ የሚመረመረው ችንካሩና በእጀታው ላይ የሚዞረው የጥብጣብ ጥምጥም ነው። ችንካሩ በጣት ግፊት የሚወጣ ከሆነ ላልቷል፤ ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊትም መታየት አለበት። ጥምጥሙ በጥሩ ሥራ ላይ ሁለቱ ጥብጣቦች በሚሻገሩበት ቦታ አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ከላይ እየሆነ ይሄዳል፤ በርካሹ ላይ ሁልጊዜ አንዱ ብቻ ከላይ ነው። በአውራ ጣታችሁ ግፉት፤ ከቦታው የሚንሸራተት ጥምጥም ብዙ አይቆይም። ከሥሩ ያለው ሸካራ የሬይ ዓሣ ቆዳ ጥምጥሙን ነክሶ የሚይዝ ነው፤ ፕላስቲክ ቅጂው ይህን ሥራ በሚገባ አይሠራም።

የስፖርት ሰይፍ

በስፖርት ፌንሲንግ ምርጫው በሕግ የታጠረ ነው፤ ሰይፎቹም ሦስት ናቸው፦ ፎይል፣ ኤፔና ሳብር። የፎይል መከታ ስፋት ቢበዛ 12 ሳንቲሜትር፣ የኤፔው 13.5 ሳንቲሜትር ነው። በኤፔ መላ ሰውነት፣ እጅም ጭምር፣ ዒላማ ስለሆነ መከታው ሰፊና ጥልቅ መሆኑ ይጠቅማል። ሳብር በአፍም ስለሚመታ መከታው በጣቶቹ ላይ ይታጠፋል። የገዢ እውነተኛ ጥያቄ የሚመጣው በፎይልና በኤፔ መጨበጫ ላይ ነው፦ ቀጥ ያለው የፈረንሳይ መጨበጫ ወይስ ለጣቶች ጉጦች ያሉት የሽጉጥ መጨበጫ?

የሽጉጡ መጨበጫ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ተቃራኒው ስለቱን ሲመታው ከእጅ አይወጣም፣ አንጓው ሳይጨናነቅ ጫፉን ያዞራል። የፈረንሳዩ በጣት ስሜት መሥራትን ያስተምራል፤ በኤፔም ወደ ጉልላቱ ቀርቦ በመያዝ ጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ማትረፍ ይቻላል፣ የስለት ግፊያ ሲመጣ ግን ያ አያያዝ ደካማ ነው። በፎይል የሽጉጡን፣ ቁመት ባለው የኤፔ ተጫዋች እጅ ደግሞ የፈረንሳዩን እመርጣለሁ። የሽጉጥ መጨበጫ የግራና የቀኝ ስላለው፣ በመጠንም ስለሚለያይ ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ጣቶቹ ጉጦቹን ለመድረስ መዘርጋት ካለባቸው ትልቅ ነው።

ከሩቅ የምትገዙ ከሆነ

ሰይፉን መንካት ካልቻላችሁ ሻጩን አራት ፎቶ ጠይቁት። አንዱ የጉልላቱ ጫፍ ከኋላ በቅርበት የተነሳ ይሁን። ሁለተኛው ስለቱ መከታው ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ ያሳይ፤ በስለቱና በቀዳዳው መካከል የሚታይ ሰፊ ክፍተት የግድየለሽ ሥራ ምልክት ነው። ሦስተኛው መጨበጫው ከላይ ወደ ታች የተነሳ ይሁን፣ መከታውና ጉልላቱ ከስለቱ ጋር ቀጥ ብለው መቆማቸው እንዲታይ። አራተኛው እጀታው ሳይገጠም በፊት ያለው የጭራው ፎቶ ነው። ለልምምድ የሚሠሩ ጥሩ አንጥረኞች ይህን ፎቶ ብዙ ጊዜ አስቀድመው አንስተው ያስቀምጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ ጠቅላላ ክብደቱን፣ የሚዛኑን ነጥብና የመጨበጫውን የውስጥ ርዝመት በቁጥር ጠይቁ፤ «ጠንካራ ነው» የሚል መልስ ብቻ የሚሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ።